ጥላው የሄደችውን ሚስቱን ለግብ ጠባቂነት ያስፈረመው ኦረስት

የዳርመንት ጎሾች የበረዶ ሆኪ ቡድን ስድሳኛ ዓመቱን ሲያከብር ለፕሬዚዳንታችን ለሎርን ሃክስቢ አንድ ታላቅ ሐሳብ መጣለት። ለሎርን ታላቅ ሐሳብ የሚመጣለት በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ትራክተር መሸጫው ውስጥ ዝንብ እንኳ የጠፋ ለት። "በቡድናችን ታሪክ ምርጥ አሥሩ ነጻ ፈራሚዎች" የሚል መጽሔት አሳትመን እራት ግብዣው ላይ እናንብበው አለ። አጨበጨብን። እዚህ ሳስካችዋን ግዛት ውስጥ ክረምቱ ስድስት ወር ስለሆነ ለማጨብጨብ ሰበብ አናጣም፤ እጅ ያሞቃል።

ነጻ ፈራሚ ማለት የትኛውም ቡድን በውል ያልያዘው፣ ወደፈለገው የሚሄድ ተጫዋች ነው። ትልልቆቹ ከተሞች እንዲህ ያለውን ሰው በሚሊዮኖች ይሻሙበታል። እኛ ጋ ግን ቃሉ እንደወረደ ነው የሚተረጎመው፤ ነጻ ማለት ነጻ። ከፈረመ በኋላ የሚያገኘው መለያ፣ የላብ ሽታ ያለው ቁም ሳጥን፣ ከጨዋታ በኋላ ደግሞ ፔሮጊ የሚሉት በድንች የተሞላ የሊጥ ቅቅል ነው። እሱም ካላለቀ።

በዝርዝሩ ላይ ከሰፈሩት አሥር ሰዎች ዘጠኙን ያስፈረመው አንድ ሰው ነው፤ ኦረስት ዳኒልቹክ። መጽሔቱ ላይ ስሙን ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት በመጨረሻው ገጽ፣ ከጥብስ ቤቱ ማስታወቂያ ሥር፣ "የበረዶ ማለስለሻ መኪናውን ለነዱልን" በሚል ምስጋና ውስጥ ነው። አንድ ፊደል ጎድሎታል። እኔ በዚህች ከተማ የእህል መጋዘኑ ሚዛን ላይ ስሠራ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የበረዶ አዳራሹ በር ላይ ትኬት ስቆርጥ ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። ስለዚህ የጎደለውን ፊደል ልሙላለት።

ኦረስት ወደ ዳርመንት የመጣው ራሱም ፈራሚ ሆኖ ነው። ያስፈረሙት የዚያን ጊዜው አሠልጣኝ፣ ሽማግሌው አቶ ቫርጎ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር፤ በሌላ አነጋገር ሌሎች ጡረታ በሚወጡበት ዕድሜ እኛ "ተስፋ የተጣለበት" አልነው። አሥራ አንድ ጨዋታ ተጫወተ። አንድም ግብ አላገባም። ሰው ግን ሰብሯል፤ የሰበረው ደግሞ የራሳችንን አምበል ቁርጭምጭሚት ነው። ከአሥራ አንደኛው ጨዋታ በኋላ አቶ ቫርጎ ጠሩት።

"ኦረስት፣ ልጄ፣ በረዶ ላይ መሆን ትወዳለህ?"

"በጣም እንጂ፣ አሠልጣኝ።"

"እንግዲያው ቁጭ ብለህ ሁንበት" አሉና የበረዶ ማለስለሻውን መኪና ቁልፍ እጁ ላይ አስቀመጡለት።

አልተቀየመም። መኪናዋ ላይ ተቀምጦ ለሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሜዳውን ዞረ። የተጫዋቾቹንም ጫማ ይሞርዳል። ከሥሩ ስለት ያለው የበረዶ ጫማ እዚህ "ስኬት" ነው የሚባለው፤ ስለዚህ ኦረስት ዕድሜውን የሌላ ሰው ስኬት ሲሞርድ ኖረ ብል አልዋሸሁም።

ዋናው ተሰጥኦው ግን ዓይኑ ነበር። የሰው አረማመድ አይቶ በልጅነቱ በረዶ ላይ ያደገ መሆን አለመሆኑን፣ በየትኛው እግሩ እንደሚገፋ፣ ጉልበቱ ስንት ክረምት እንደቀረው ይነግርሃል። እኛ ገበያ ስንሄድ ወተት እናያለን፤ እሱ ወተት የሚያነሳውን ሰው ቁርጭምጭሚት ያያል። ቀብር ላይ እንኳ ሬሳ የተሸከሙትን ከወገባቸው በታች ነበር የሚያጠናው። የከብት ሐኪሙን ጊልበርትን ያስፈረመው ሰውዬው ክንዱን እስከ ትከሻው ላም ውስጥ ከትቶ ሳለ ነው፤ እምቢ ብሎ መሮጥ እንዳይችል። ቄስ አርቪድን ያስፈረመው ቡድኑ በወር አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንዲመጣ ቃል ገብቶ ነው። ቡድኑም መጣ፤ ቄሱም በዚያ ክረምት በድብድብ ከሜዳ በመባረር የቡድኑን ክብረ ወሰን ሰበሩ። አንዴ ደግሞ በከተማችን ሲያልፍ መኪናው የተበላሸበት የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። መካኒኩ የኦረስት የካርታ ጓደኛ ነው። መለዋወጫው ከየት እንደታዘዘ አላውቅም፤ ለመድረስ አሥራ አንድ ሳምንት ፈጀበት፤ የደረሰውም ሹፌሩ የተሰለፈልን የመጨረሻው ጨዋታ ባለቀ ማግስት ነው። የአምላክ ሥራ!

ያም ሆኖ የኦረስት ትልቁ ፊርማ ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ትልቁ ፊርማው ሚስቱ ናት። ማለቴ፣ የቀድሞ ሚስቱ።

ኢርማ ፔነር የፖስታ ቤታችን ሠራተኛ ነበረች። በአምስት ወንድሞች ላይ የተወለደች የመጨረሻ ልጅ ናት። በእርሻቸው ኩሬ በረዶ ላይ ወንድሞቿ ሲጫወቱ "አንቺ ትንሿ ነሽ፣ ጎል ቁሚ" ተባለች፤ እስክታገባ ድረስ ከዚያ ጎል የተካት አልነበረም። ኦረስትን ካገባችው በኋላ ሁለቱ በጓሯቸው ውኃ አፍስሰው፣ በረዶ ሲሆን ይጫወቱበት ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ኦረስት አንድ ግብ አላገባባትም። ይህን ለማንም አልተናገረም። ወንድ ልጅ አንዳንድ ምስጢር ይዞ መቃብር መውረድ አለበት።

ትዳራቸው የፈረሰው በማሞቂያ ነው። በአንድ ጥር፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት በሆነበት ሳምንት፣ ለኢርማ ወንድም ሠርግ ሦስት ቀን ሄደው ተመለሱ። ቤቱ ውስጥ ማሞቂያው ጠፍቶ፣ ቧንቧው ፈንድቶ፣ ምድር ቤቱ እስከ ሦስተኛው ደረጃ ውኃ ሞልቶ፣ ውኃውም ድንጋይ ሆኖ ጠበቃቸው። ሶፋው በረዶ ውስጥ እንደ ዝንብ ተይዟል። ጎረቤት ተሰበሰበ። የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ "ማን አጠፋው?" ነበር።

ኦረስት አፉን ከፈተ፤ የወጣውም "ኢርማ ናት" የሚል ነው።

ኢርማ ሻንጣዋን እንደያዘች ቆማ ነበር። ቀልዱን ነው ብላ ጠበቀች። ኦረስት ግን በማግስቱም ቃሉን አልመለሰም፤ በሳምንቱም። ወሬው ጣፋጭ ነበራ! በረዶ የሚሠራ ሰው ሚስት ቤቷን የበረዶ ሜዳ አደረገችው! ከተማው በሙሉ አኘከው። ፖስታ ቤት የሚገባ ሁሉ ቴምብር ከመግዛቱ በፊት "ኢርማ፣ ዛሬስ ማሞቂያውን ለኩሰሽ ወጣሽ?" ይላታል። እሷ ቴምብሩን ትቆርጣለች። እንዲህ ሁለት ዓመት ከኖረች በኋላ ልብሷን ሰብስባ ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለውን ክፍል ተከራየች። ሰዉም "በማሞቂያ ትዳር ይፈታል እንዴ?" ብሎ ገረመው። በማሞቂያ አይፈታም። ቀልዱ ግን እሷ ከቤት ከወጣችም በኋላ አምስት ዓመት ቆየ።

እንግዲህ በፈረንጆቹ 1996 መጋቢት ላይ ጎሾቹ፣ የሰማይ አሠራር ስሕተት ካልሆነ በቀር በማይገባ ሁኔታ፣ ለዋንጫ ደረሱ። ከኪርክሰን ከተማ ቡድን ጋር አንድ ለአንድ ሆነው ሦስተኛውና ወሳኙ ጨዋታ እሁድ ከሰዓት በእኛ አዳራሽ ሊደረግ ነው። ረቡዕ ዕለት ግብ ጠባቂያችን ዱዌን ሻንጣውን ይዞ ሜክሲኮ ሄደ። የባሕር ዳርቻ ጉዞውን ትኬት የቆረጠው በመስከረም ነው፤ ቡድኑ ለዋንጫ ይደርሳል ብሎ ስላላሰበ። እንዲህ ያለ አርቆ አሳቢ ተጫዋች ነበር ያለን። ተጠባባቂው ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጎንበስ ካለ ለመቃናት ሁለት ሰው ያስፈልገዋል።

የሊጉ ደንብ እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ድረስ አዲስ ሰው ማስፈረም ይፈቅዳል፤ በየትኛውም ቡድን ያልተያዘ ይሁን፣ በስድሳ ኪሎ ሜትር ውስጥ ይኑር። ኦረስት ረቡዕን ሙሉ ስልክ ሲደውል ዋለ። በስድሳ ኪሎ ሜትር ውስጥ ጎል መቆም የሚችል ወንድ ሁሉ ወይ ተይዟል፣ ወይ ሞቷል። ሐሙስ ጠዋት ቆቡን አድርጎ ወደ ፖስታ ቤት ሄደ።

እኔ ወረፋ ላይ ነበርኩ። ከፊቴ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ወይዘሮ ዶሎረስ ነበሩ። ኦረስት ገባና ቆቡን አወለቀ።

"ወረፋ ያዝ" አለች ኢርማ፣ ቀና ሳትል።

"ኢርማ፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ..."

"ሰልፍ ከኋላ ነው የሚጀምረው። ይሄንንም እኔ ልንገርህ?"

ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ትንፋሹ አንገቴ ላይ ነው። ጥቂት ታገሠና በትከሻዬ ላይ አሻግሮ፣ "እሁድ ከሰዓት ምን አለሽ?" አላት።

ወረፋው በሙሉ ዞሮ አየው።

"እንቅልፍ አለኝ። ለእራት ልትጋብዘኝ ከሆነ ሰው ፊት አታዋርድ። ራስህን ማለቴ ነው።"

"ጎል እንድትቆሚልን ነው።"

ወይዘሮ ዶሎረስ የጆሮ ማዳመጫቸውን ነካ ነካ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ። "ምንድን ነው የሚለው?"

"ጎል ቁሚልን ነው የሚላት።"

"ትቁም! ያ ሜክሲኮ የሄደው እንጨት ከሚቆም እሷ አትሻልም?"

ኢርማ የያዘችውን ማኅተም አስቀመጠች። "ጎል መቆም እንደምችል በምን አወቅህ?" አለችው። መልሱን ታውቀዋለች፤ ግን ከአፉ እንዲወጣ ፈልጋለች።

"አሥራ ሁለት ዓመት ሞክሬ አንድም አላገባሁብሽ" አለ ኦረስት፣ ለጫማው።

"ጮክ በል፤ ወይዘሮ ዶሎረስ አልሰሙህም።"

"አንድም አላገባሁባትም!"

ወረፋው በሳቅ ፈነዳ። እሷ ግን አልሳቀችም። የጥቅል መላኪያ ቅጽ ሳበች፣ ገለበጠች፣ ብዕር አነሳች።

"አንድ፣ የዱዌንን ላብ የጠጣ ልብስ አልለብስም፤ አዲስ ይምጣ። ሁለት፣ በጨዋታው ሰዓት አታናግረኝም፤ ከዚያች መኪናህ ላይ ሆነህ ምክር የምትሰጥ ብትመስለኝ እንኳ ትቼ እወጣለሁ።"

"እሺ፣ እሺ።"

"ሦስት" አለችና ብዕሯን አቆመች። "ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ድምፅ ማጉያውን ይዘህ ማሞቂያውን ማን እንዳጠፋ ትናገራለህ።"

ኦረስት ቆቡን ደረቱ ላይ አፈነው። "ሦስተኛው ከባድ ነው፣ ኢርማ።"

"እኔ ሰባት ዓመት ስሸከመው ቀላል ነበር?"

እኔም መሬት መሬቱን እያየሁ ቆምኩ። ምክንያቱም ከዚያ ቀደም ባለው ወር፣ እዚያው መስኮት ላይ፣ ቴምብር ስገዛ ያቺን የማሞቂያ ቀልድ እኔም ጣል አድርጌባት ነበር። ብልህ ነኝ ብዬ።

ኦረስት ፈረመ። እሷም ፈረመች። ወይዘሮ ዶሎረስ ምስክር ሆነው ፈረሙ፤ ባይጠየቁም።

ዓርብ ጠዋት ሎርን ሃክስቢ ስሟን ሲያይ ጉንጩ ቀላ።

"ኦረስት፣ ይቺ ሴት ናት።"

"አውቃለሁ። አግብቻት ነበር።"

"ደንቡ ምን ይላል?"

"'ተጫዋች' ነው የሚለው። የምን እንደሆነ አይልም።"

ሎርን ደንቡን ሁለቴ አነበበው፤ ለሎርን ይህ ብዙ ንባብ ነው። ከዚያ እንዲህ ሲል ታሪካዊ ውሳኔውን ሰጠ፦ "ካሸነፍን እኔ ነኝ ያጸደቅኩት። ከተሸነፍን ዛሬ እዚህ አልነበርኩም።"

እሁድ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሰባት መቶ ሰው ገባ፤ ትኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ኪርክሰኖች በሦስት አውቶቡስ መጡ፤ ኢርማን ሲያዩ ፉጨታቸው ጣሪያውን ሊያነሳ ደረሰ። "እማማ፣ ደብዳቤ አለኝ?" ይሏታል። የሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች በረዶው ላይ ወጥተዋል። እሷ ግን መውጫው በር ላይ፣ ጭምብሏን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ዱላዋን ተደግፋ ቆማለች። አንድ እግር እንኳ በረዶው ላይ አላሳረፈችም።

ኦረስት ወደ አስተዋዋቂው ክፍል ገብቶ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰባት መቶ ሰው ሰማው።

"ክቡራትና ክቡራን፣ አንድ አጭር ማስታወቂያ አለን። ከሰባት ዓመት በፊት፣ ጥር ወር ላይ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ማሞቂያ ጠፍቶ ነበር።"

ኢርማ አልተንቀሳቀሰችም።

"ማሞቂያው የጠፋው... በሰው ነው።"

"የማን ሰው?" ብሎ አንዱ ከላይ ጮኸ። ሳቅ። ዳኛው ሰዓቱን አየ።

"ያጠፋው ሰው... በወቅቱ ነዳጅ መወደዱን ከግምት ስናስገባ..."

ኢርማ ዞረችና ወደ መልበሻ ክፍሉ አንድ እርምጃ ሄደች።

"እኔ ነኝ!" አለ ኦረስት። ማጉያው አንባረቀበት። ድምፁም ወርዶ መጣ። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ለሦስት ቀን ምን ይሆናል ብዬ። ከቤት ስንወጣ 'ማሞቂያውን ነካኸው እንዴ?' ብላ ጠይቃኛለች፤ 'አልነካሁም' አልኳት። ስንመለስ ደግሞ ሰው ሲጠይቀኝ እሷ ናት አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ሰው ሳቀ፤ ሲስቅ ደስ አለኝ። ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ። እሷ ምንም አላደረገችም። ያ ነው ማስታወቂያው።"

ማንም አልሳቀም። ኪርክሰኖችም ፉጨታቸውን አቆሙ፤ እነሱስ ምኑም ሳይገባቸው ነው፣ የእኛን ፊት አይተው። እያንዳንዳችን የራሳችንን ቴምብር እያስታወስን ነበር። ከጎኔ የቆመው ፀጉር አስተካካይ ጥፍሩን መመርመር ጀመረ። ይሄ ሰው ሰባት ዓመት ሙሉ "ኢርማ፣ ውርጭ ይሁንልሽ" እያለ ሲሰናበታት የኖረ ነው።

ኢርማ ጭምብሏን አወረደች፤ በረዶው ላይ ወጣች።

አሁን እንግዲህ ተረት ቢሆን ኖሮ አንድም ግብ አይገባባትም ነበር። የኪርክሰን የመጀመሪያ ምት፣ ከሩቅ፣ ጨዋታው በተጀመረ በአርባ ሰከንድ፣ በእግሮቿ መሃል ሾልኮ ገባ። እንደ ኳስ የሚመታውን የጎማ ፓክ ከመረቡ ውስጥ አወጣችው፤ አድራሻ እንደጠፋበት ደብዳቤ አገላብጣ አየችውና ለዳኛው ሰጠችው። ሎርን ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ በሩ ሲጠጋ አይቼዋለሁ። ዛሬ እዚህ ላለመሆን እየተዘጋጀ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን እጇ ተፈታ። በቀን ስምንት መቶ ደብዳቤ ወደየሳጥኑ የሚወረውር እጅ ነው። በግራ ሲመታ በግራ ትቀልባለች፣ በቀኝ ሲመታ በቀኝ፤ ቀልባም ወደ ጥግ ትልከዋለች፤ "ቀጣይ!" የምትል ይመስላል። የከብት ሐኪማችን አቻ አደረገ። ቄስ አርቪድ ሁለተኛውን አግብተው ሳይጨርሱ የኪርክሰንን ተከላካይ በቡጢ ባርከው ተባረሩ። ኪርክሰን እንደገና አቻ አደረገ፤ እኛ ሦስተኛውን ጨመርን። ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው የኪርክሰን አምበል ከሁሉም አምልጦ ብቻውን መጣባት።

ሰባት መቶ ሰው ተነሥቶ ቆመ። ኦረስት ማለስለሻ መኪናው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በቆቡ ሸፍኗል፤ ውሉን ማክበሩ ነው፣ ወይም ፈርቶ። ኢርማ ጎሏ ላይ ሆና አልጠበቀችውም። ሮጣ ወጣችና በሆዷ ተዘርግታ ፓኩን፣ ዱላውን፣ አምበሉን ከነጫማው ጠርጋ ይዛው እስከ አጥሩ ድረስ ተንሸራተተች። ሲነሡ ፓኩ ከእሷ ሥር ነበር። ሦስት ለሁለት አለቀ። የቡድናችን ስም፣ ጎሽ፣ በእኔ የእናት ቋንቋ በአማርኛ "አበጀህ" ማለትም ስለሆነ፣ ብዙ ዓመት ተሸንፈው ሲወጡ ማንም ያላላቸውን "ጎሽ!" እኔ ስላቸው ኖሬ ነበር። ያን ቀን ግን ለእሷ ብዬ ጮኽኩት፤ ማንም አልገባውም፣ ሁሉም ተቀበለኝ።

ለፎቶው ሎርን ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ መሃል ቆሞ ተገኘ። ለአውራጃው ጋዜጣም "እኔ ከመጀመሪያውም አምኜባት ነበር" አለ። ዱዌን በሳምንቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ተመለሰና አዳራሹ መጣ።

"ኦረስት፣ ዕቃዬ የታለ? ቦታዬስ?"

"ዕቃህ መጋዘን ነው። ቦታህ ሜክሲኮ ነው።"

ከተማው ከዚያ በኋላ ሠርግ ጠበቀ። ሰው በማሞቂያ ትዳር አይፈታም ያለ ሕዝብ በጎል ጥበቃ ይታረቃል ብሎ አሰበ። ሴቶቹ ዳቦ ቤቱ ላይ ኢርማን ሲያገኟት በዓይናቸው ይጠቅሷታል። አንዷ በግልጽ ጠየቀቻት።

"እኔ የፈረምኩት ጎል ልቆም ነው" አለቻት ኢርማ። "የጋብቻውን ፈርሜ አይቼዋለሁ።"

አራት ክረምት ቆመችልን። ኦረስት ጫማዋን ይሞርዳል፤ እሷ አንድ ጊዜ ሳትሞክረው አትቀበለውም፤ "ግራው ደንዟል" ብላ ትመልስለታለች፤ እሱም ያልደነዘውን ግራ እንደገና ይሞርዳል። በመኸር የቤተ ክርስቲያን የዶሮ እራት ላይ ግን እሱ ጠረጴዛ መጥታ ተቀመጠች። ጎኑ አይደለም፤ ፊት ለፊቱ። ጨው አቀበለችው። ሰዉ ስለ ጨዉ ሁለት ሳምንት አወራ።

ኦረስት ደግሞ የራሱን ድርሻ ተረከበ። ሙቅ ውኃ መኪናዋ ውስጥ ሲሞላ ያየ ሁሉ "ኦረስት፣ ማሞቂያውን ማን አጠፋው?" ይለዋል። የመጀመሪያውን ዓመት ይቀላ ነበር። በኋላ ግን ሳይቆጣ፣ ሳይስቅም፣ ሥራውን ሳያቋርጥ "እኔ ነኝ" ይላል። ሃያ ዓመት ግድም ስንጠይቀው ኖርን። አንድ ቀን እንኳ "በቃችሁ" ሲል አልሰማሁትም።

ወደዚያ የስድሳኛ ዓመት መጽሔት ስንመጣ፣ አንደኛ የሎርን አማች ነው። በሁለት ክረምት ዘጠኝ ግብ አግብቷል፤ ስምንቱ በባላጋራ ላይ ነው። ኢርማ አራተኛ ናት፤ ከስሟ ሥር "በፕሬዚዳንት ሃክስቢ አርቆ አሳቢነት የፈረመች" ይላል። እራቱ ላይ ሎርን ይህን ሲያነብ ኢርማ እጇን አወጣች። ስድሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ፀጉሯ ነጥቷል፤ እጇን ስታወጣ ግን አሁንም ፓክ የምትቀልብ ይመስላል።

"ሎርን፣ ያስፈረምከኝ አንተ ከሆንክ፣ ሦስተኛው የውሉ ቃል ምን ይል እንደነበር ንገረና።"

ሎርን ውኃ ጠጣ። ሁለተኛ ብርጭቆ ጨመረ። ቀስ ብሎም ወደ አምስተኛው ስም አለፈ። ኦረስት ይህን አላየም፤ በማግስቱ ጠዋት የልጆች ጨዋታ ስለነበር አዳራሹ ውስጥ ብቻውን በረዶ እያለሰለሰ ነበር። ኢርማ በሰሃን ሥጋና ፔሮጊ ጠቅልላ ይዛለት ስትወጣ አየኋት።

ባለፈው ዓመት ኦረስት ከማለስለሻ መኪናዋ ሲወርድ ዳሌው ተሰበረና የአዛውንቶች ቤት ገባ። አለቀለት ብለን ነበር። እዚያ ግን በረጅም ምንጣፍ ላይ ድንጋይ እያንሸራተቱ ኢላማ የሚመቱበት ጨዋታ አለ፤ ቡድኑም ከአምስት ቡድን አምስተኛ ነበር። ኦረስት ከመጣ ወዲህ ሁለተኛ ሆኗል። ከተማው ውስጥ ሚስት የሞተችበት ሽማግሌ ካለ፣ ኦረስት ተሽከርካሪ ወንበሩን እያስገፋ ለቅሶ ይደርሳል። መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ከልቡ ነው። ቀጥሎ የሰውዬውን ክንድ ያያል።

በቀደም ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ካፖርቴን ሳላወልቅ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ሰባ መቼ ነው የምትሞላው?"

"ሐምሌ ላይ።"

"ጉልበትህስ?"

"ግራው ያመኛል።"

"በቀኝ ነው የሚንበረከኩት፤ ግራውን ተወው። የአሥራ አራት ቁጥር ክፍሉ ሰውዬ በሚያዝያ ወደ ልጁ ሊሄድ ነው። መስኮቱ ፀሐይ ያገኛል። ሐሙስ ሐሙስ ዓሣ አለ።"

"ኦረስት፣ እኔ ቤት አለኝ እኮ! ሚስት አለችኝ!"

ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ኢላማዋ እንዴት ነው?"

ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በማግስቱ ግን ቁርስ ላይ፣ ምንጣፉ ስንት ሜትር እንደሆነ ጠየቀችኝ።